ወረቀትን ማን አመነው?



በ1231 የሲሲሊና የደቡብ ኢጣሊያ ገዢ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ዳግማዊ ባወጣው የሕግ መጽሐፍ ውስጥ፣ ውልና መሰል ሰነዶች በብራና እንጂ በወረቀት እንዳይጻፉ ከለከለ። ወረቀት ዕድሜ የለውም፤ የልጅ ልጅ ሊሟገትበት የሚገባ ማስረጃ እንዲህ ባለ ነገር ላይ አይሰፍርም ባይ ነው። ከዚያ አራት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ግን ከሊፋው ሃሩን አል ረሺድ ባግዳድ ላይ የተገላቢጦሹን አዝዞ ነበር፤ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች በወረቀት ይጻፉ አለ። ምክንያቱን በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ግብፃዊው አል ቀልቀሸንዲ ሲያስረዳ፣ በብራና ላይ ያለን ጽሑፍ ፍቆ በቦታው ሌላ መጻፍ ይቻላል፤ ወረቀት ግን ቀለሙን ወደ ውስጥ ስለሚመጠው የነካካው ሰው ዱካው ይቀራል ይላል።

ሁለቱም ገዢዎች እውነት አላቸው። ደግሞ የፍሬድሪክ ነገር እንዲያው አይለቅም፤ በወረቀት አትጻፉ ያለው ሰው የራሱ ጽሕፈት ቤት የዕለት ተዕለት መዝገቡን የሚይዘው በወረቀት ነበር። ከ1239 እስከ 1240 ያለው ክፍል ኔፕልስ ውስጥ ተቀምጦ ሰባት መቶ ዓመት ከቆየ በኋላ፣ በ1943 በጦርነቱ ጊዜ ተቃጠለ። ዕድሜ የለውም የተባለው ነገር ሰባት መቶ ዓመት ቆይቶ የጠፋው በእሳት እንጂ በእርጅና አይደለም።

ዛሬ የማወራችሁ የወረቀት ታሪክ ባብዛኛው የዚህ ክርክር ታሪክ ነው። ሰው ወረቀትን የተቀበለው ቀስ ብሎ፣ እየተጠራጠረ፣ አንዳንዴም ሌላ ምርጫ አጥቶ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ዓ.ም. ብዬ ካልለየሁ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

የቻይና የታሪክ መጽሐፍ እንደሚለው በ105 ጻይ ሉን የተባለ የቤተ መንግሥት ጃንደረባ ከዛፍ ልጥ፣ ከሄምፕ ቃጫ፣ ካረጀ ጨርቅና ከዓሣ መረብ የተሠራ መጻፊያ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። ከዚያ በፊት ቻይናውያን የሚጽፉት በቀርከሃ ስንጥር ወይም በሐር ላይ ነው። ቀርከሃው ይከብዳል፣ ሐሩ ይወደዳል። የጻይ ሉንን ዝርዝር ልብ ብላችሁ ስሙት፤ ግማሹ አገልግሎ የተጣለ ነገር ነው። በሰሜን ምዕራብ ቻይና በጋንሱ ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት በላይ የሚቀድሙ የወረቀት ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ሰውየው ሥራውን አሻሽሎ ቤተ መንግሥት ያስገባ ባለሥልጣን ነው እንጂ የመጀመሪያው ሠሪ አይደለም። ይህ በየአገሩ ያለ ነው፤ የሠሪው ስም ይጠፋል፣ ለአለቃ ያቀረበው ሰው ስም ይቀራል።

ከቻይና ወደ ምዕራብ የወጣው መጀመሪያ በነጋዴ ኮሮጆ ነው። ኦሬል ስታይን የተባለው አሳሽ በ1907 ከዱንሁዋንግ በስተምዕራብ በፈረሰ የዘብ ማማ ውስጥ፣ መንገድ ላይ የቀረ የደብዳቤ ከረጢት አገኘ። ደብዳቤዎቹ የሶግዳውያን ናቸው፤ ማለትም አገራቸው ሳማርካንድ አካባቢ የሆነ ነጋዴዎች ናቸው። የተጻፉት በ313 ገደማ ነው፤ በወረቀት። ከጸሐፊዎቹ አንዷ ባሏ ዱንሁዋንግ ጥሏት የጠፋ ሴት ናት። ገንዘብ የላትም፣ ልጅ ይዛለች፣ የባሏ ዘመዶችም አልረዷትም። የጻፈችለትን ወቀሳ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ቃል በቃል መድገም ይከብደኛል፤ ብቻ የእሱ ሚስት ከመሆን የእንስሳ ሚስት መሆንን እንደምትመርጥ ታስታውቀዋለች። ባልየው ሳያነበው ቀረ፣ እኛ ከ1600 ዓመት በኋላ አነበብነው።

ስለ ወረቀት ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሌላ ታሪክ ነው። በ751 በታላስ ወንዝ ዓረቦችና ቻይናውያን ተዋጉ፤ የተማረኩት ቻይናውያን ሳማርካንድ ተወስደው ወረቀት መሥራትን አስተማሩ ይባላል። ጥሩ ወሬ ነው። ግን ሶግዳውያን ከዚያ ውጊያ አራት መቶ ዓመት በፊት በወረቀት ሲጻጻፉ እንደነበር አሁን አየን። ነገሩን ያደረሰው ጦርነት ሳይሆን ገበያ ሳይሆን አይቀርም።

ወረቀት ባግዳድ ሲገባ ግን እውነትም አገር ለወጠ። በ8ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ከተማዋ የራሷ የወረቀት መሥሪያ ነበራት። በ9ኛው መቶ ዘመን የጻፈው አል ያዕቁቢ በአንድ ሰፈር ብቻ ከመቶ በላይ የመጻሕፍት ሱቆች እንደነበሩ መዝግቧል። ባለሱቆቹ ወራቆች ይባላሉ፤ ወረቀት ይሸጣሉ፣ መጽሐፍ ይገለብጣሉ፣ ይጠርዛሉ። ጸሐፊው አል ጃሒዝ እነዚህን ሱቆች ተከራይቶ ሌሊቱን ሲያነብ ያድር ነበር ይባላል፤ በመጨረሻም የመጻሕፍት ክምር ተንዶበት ሞተ የሚል ተረት አለ። ተረት ቢሆንም በብራና አገር ሊወራ የሚችል ተረት አይደለም፤ ሰው ላይ የሚናድ ክምር እስኪሆን መጽሐፍ መርከስ አለበት። መጻፊያው ሲረክስ ደግሞ ለመጻፍ የማይገባ የነበረው ሁሉ ይጻፋል። በ10ኛው መቶ ዘመን ኢብን ሰያር አል ወራቅ የጻፈው የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ ዛሬም አለ። የንጉሥ ዜና ቆዳ ላይ መጻፉ ያባት ነው፤ የሽንብራ ወጥ አሠራር ለመጻፍ ግን በግ የሚያርድ የለም።

አሁን ወደ ኢጣሊያ እንሻገርና እጃችንን ውሃ ውስጥ እንክተት። ፋብሪያኖ የምትባል የተራራ ከተማ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ወረቀት ትሠራለች፤ ዛሬም አልተወችም። የዓረቦቹ ወረቀት የሚጠነክረው ከእህል በሚወጣ ስታርች ነበር። በደረቅ አገር መልካም ነው፤ እርጥበት ባለበት አውሮፓ ግን ይሻግታል፣ ነፍሳትም ይወዱታል። ፍሬድሪክ ወረቀት ይጠፋል ሲል ያየውን ነው የተናገረው። የፋብሪያኖ ሰዎች ይህን ችግር ፈቱት።

ሥራው የሚጀምረው ከአሮጌ የተልባ እግርና የሄምፕ ጨርቅ ነው፤ የለበሱት ያረጀ ሸሚዝ፣ አንሶላ፣ የመርከብ ሸራ። ጨርቁ ይመረጣል፣ ስፌቱ ይተረተራል፣ ይቆራረጣል፣ ተዘፍዝፎ እስኪብላላ ይቆያል። ከዚያ የውሃ ጎማ የሚያነሳቸውና የሚጥላቸው፣ ጫፋቸው ላይ ምስማር የተመታባቸው የእንጨት መዶሻዎች በድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይወቅጡታል። የወረቀት ወፍጮ ለውሃ ቅርብ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ክሩ ወደ ቃጫ፣ ቃጫውም ጫፉ እንደተበጣጠሰ ወደ ደቃቅ ቃጫ ይለወጣል። ይህ በብዙ ውሃ ተበጥብጦ በርሜል ውስጥ ሲገባ፣ እንደ ቀጠነ አጥሚት ነው፤ ያየው ሰው ወረቀት አለበት ብሎ አይጠረጥርም።

በርሜሉ ዘንድ የሚቆመው ሠራተኛ በቀጭን የናስ ሽቦ የተሠራ፣ ዙሪያው የእንጨት ክፈፍ ያለው ወንፊት ይዟል። አቁሞ ይነክረዋል፣ አጋድሞ ያወጣዋል፣ ወዲያው ወደ ግራ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቀንቀዋል። ውሃው በሽቦው መሃል ሲወርድ ቃጫው እርስ በርሱ ይጠላለፋል። ይህ ሁሉ የጥቂት ሰኮንዶች ሥራ ነው። ንቅናቄው ከዘገየ ውሃው አልቆ ቃጫው ባንድ አቅጣጫ ብቻ ይተኛል፤ ያ ወረቀት በኋላ ባንድ በኩል በቀላሉ ይቀደዳል። ለዚህ ነው በርሜል ላይ የሚቆም ሰው የእጁ ልማድ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ የሚከበረው። ሁለተኛው ሠራተኛ ወንፊቱን ተቀብሎ እርጥቡን የወረቀት ቅጠል በሱፍ ምንጣፍ ላይ ገልብጦ ይተወዋል፤ ሌላ ምንጣፍ፣ ሌላ ቅጠል፤ ክምሩ በመጭመቂያ ይጨመቃል፣ ቅጠሎቹ ተላቀው ሰገነት ላይ በገመድ ይሰጣሉ።

ሙጫ የት ገባ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የትም አልገባም። ውሃው ሲወጣ ቃጫዎቹ እየተሳሳቡ ይቀራረባሉ፤ የተሠሩበት ሴሉሎስ የተባለው ቁስ ራሱ እርስ በርሱ ይያያዛል። ተራ ወረቀት ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈርሰው፣ ተመልሶ ወረቀት መሆን የሚችለውም ለዚህ ነው። ፋብሪያኖዎች የጨመሩት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የደረቀውን ቅጠል ከቆዳ ትርፍራፊ ተቀቅሎ በወጣ ጄላቲን ነከሩት፣ እንደገና አደረቁት፣ በለስላሳ ድንጋይ ፈተጉት። ከዚያ በኋላ ቀለም አይዛመትበትም፣ ሻጋታም ቶሎ አይደፍረውም። ብራናን ከገበያ ያስወጣው ወረቀት ጥንካሬውን የተበደረው ከቆዳ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሌላም ነገር ፈጠሩ። ከ1282 ገደማ ጀምሮ የኢጣሊያ ወረቀት ሠሪዎች ቀጭን ሽቦ አጥፈው ቅርጽ አወጡና ወንፊቱ ላይ ሰፉት። ቃጫው እዚያ ላይ ስለሚሳሳ፣ ቅጠሉን ወደ ብርሃን ስታነሱት መስቀል፣ አክሊል፣ የበሬ ራስ ይታያል። የውሃ ምልክት የምንለው ይኸው ነው፤ ብር ተቀብለን ቀና አድርገን የምናየውም የእሱ ዝርያ ነው። የማን ሥራ እንደሆነ ይናገራል፤ ሠሪው ለሥራው ዋስ ይሆናል ማለት ነው።

ይሁንና ይህ የመታመኛ ምልክት በሌላ ቦታ ያለመታመን ምክንያት ሆነ። በ14ኛው መቶ ዘመን የኢጣሊያ ወረቀት ከሜዲትራንያን ማዶ ያለውን ገበያ ወሰደ፤ ወረቀትን ለአውሮፓ ያስተማሩት አገሮች ገዢ ሆኑ። በ1409 ዛሬ አልጀሪያ ውስጥ ባለችው በተለምሳን ለታላቁ የሕግ ሊቅ ለኢብን መርዙቅ አንድ ጥያቄ ቀረበላቸው። ክርስቲያኖች በሠሩት፣ በውስጡም መስቀልና የሕያዋን ምስል በሚታይበት ወረቀት ላይ መጻፍ ይፈቀዳል ወይ? ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ቁርኣን የሚጻፍበት ገጽ ሲገለጥ ከቃሉ ኋላ መስቀል ይታያል። ሊቁ ረጅም መልስ ጻፉ። የሠሪዎቹን እጅ ንጽሕና አንስተው መረመሩ፣ ሌላ ወረቀት በአካባቢው በቀላሉ እንደማይገኝም ተመለከቱ፤ በመጨረሻም ፈቀዱ። የፈጣሪ ስም በምስሉ ላይ ሲጻፍ ምስሉን ይሸፍነዋል፣ ሐሰቱ በእውነት ይተካል ብለው ነው የፈረዱት። እኔ ስለ ወረቀት ካነበብኋቸው ክርክሮች ሁሉ ይህን አከብራለሁ። ሰውየው ዕቃውን ከእነ ታሪኩ አገላብጠው አይተው፣ ችግሩን ሳይደብቁ መውጫ ፈልገውለታል።

ነገሩ ኋላ ለነጋዴውም ገባው። የቬኒስ ወረቀት ሠሪዎች ለምሥራቅ ገበያ የሚሆን የተለየ የውሃ ምልክት አወጡ፤ ሦስት ጨረቃ በተርታ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ። ይህ ሦስት ጨረቃ ወረቀት ከ17ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዘመን በኦቶማን ግዛቶች ሁሉ ተሰራጨ፤ በግብፅ በኩል ወደ ሱዳን፣ በቀይ ባሕር በኩልም ወደ እኛ። ሐረር ላይ የተጻፉ ጥንታዊ የቁርኣንና የሕግ መጻሕፍት ከውጭ በመጣ ወረቀት ላይ ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ሦስቱ ጨረቃ የሚታይባቸው አሉ። በቬኒስ ክርስቲያን የሠራው፣ በባሕር ነጋዴ ያመጣው፣ በሐረር ዐሊም የጻፈበት፣ በሐረር ጠራዥ በቆዳ የተጠረዘ መጽሐፍ። ሐረር የሸሪፍ ሙዚየምን ለማየት የሚሄድ ሰው ካለ፣ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ወረቀቱንም ይጠይቅ።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ በደጋው ደብር ያለው ጸሐፊ ብራና ዳምጦ፣ ብዕር ቀርጾ፣ ቀለም በጥብጦ ነበር የሚጽፈው። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ክፈፍ ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጸጉሩ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በወስፌ ይሰመራል። ለምን ወረቀት አልተቀበልንም የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ ኋላ ቀርነት ነው የሚሉም አሉ። እኔ እንዲህ አላስብም። ፍየሉ ደጅ ላይ ነው፣ ሙያው በደብሩ አለ፣ ወረቀት ደግሞ ከባሕር ማዶ በግመልና በበቅሎ ይመጣል። ሐረር በዘይላ በኩል ለባሕሩ ቅርብ ስለሆነች ሒሳቧ ሌላ ነበር። ሁለቱም በየሒሳባቸው ትክክል ናቸው። ዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በራዲዮካርቦን ሲመረመሩ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቀዋል፤ በብራና የጨከነ ሰው የሚያፍርበት ነገር የለውም።

ግዕዝ በወረቀት ላይ የታተመውም መጀመሪያ በሰው አገር ነው። በ1513 ሮም ላይ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፊደል ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በ1548 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም አዲስ ኪዳንን ማሳተም ጀመሩ። አታሚዎቹ የሚለቅሙትን ፊደል አያነቡም ነበርና አባ ተስፋ ጽዮን ስለ ስሕተቱ አንባቢውን ይቅርታ መጠየቅ ነበረባቸው። የማተሚያ ቤት ስሕተት ከግዕዝ ኅትመት ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ወረቀት ከሁሉ በላይ የተፈተነው ግን ገንዘብ ሲሆን ነው። በቻይና በሲቹዋን የብረት ሳንቲም ስለሚከብድ ነጋዴዎች ደረሰኝ ይለዋወጡ ጀመር፤ መንግሥት በ1020ዎቹ ሥራውን ከእጃቸው ወሰደ። ማርኮ ፖሎ በሞንጎሉ ገዢ በኩብላይ ዘመን ከእንጆሪ ዛፍ ልጥ የተሠራ ገንዘብ አይቶ ሲጽፍ አውሮፓውያን ተገረሙ። መገረማቸው ትክክል ነበር፤ ነገሥታቱ ማተም ቀላል ሆኖላቸው አብዝተው አተሙ፣ ዋጋው ወደቀ። በእኛም አገር በ1905 የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም፣ ሰዉ ማሪያ ቴሬዛን፣ ማለትም ጠገራ ብርን አልለቀቀም። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ፣ ከወረቀቱ ጋር የ50 ሳንቲም ጥሬ ብር አብሮ ወጣ፤ ብሩን ያበደረችው አሜሪካ ናት። ሰው ወረቀቱን እንዲያምን እውነተኛ ብር አጠገቡ ቆሞ ዋስ መሆን ነበረበት። ማኅተም ያላረፈበት ደብዳቤ ይዘን ስንሄድ ከመስኮቱ የሚመልሰን ሠራተኛም በዚሁ መንገድ ነው የሚያስበው፤ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃውም፣ ዋስ ይፈልጋል።

ፍሬድሪክ ይበልጥ ትክክል የሆነው ከሞተ ስድስት መቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1799 ፈረንሳዊው ሉዊ ኒኮላ ሮቤር ኤሶን በሚገኝ ፋብሪካ ውስጥ በሠራተኞቹ ጭቅጭቅ ተሰላችቶ፣ ማለቂያ የሌለው ወረቀት ለሚያወጣ ማሽን የባለቤትነት መብት አገኘ። ማሽኑ ጨርቅ ይበላል፤ ጨርቅ ግን ሰው የሚለብሰውን ያህል ብቻ ነው። በ1844 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ጎትሎብ ኬለር እንጨት እየፈጨ ወረቀት መሥራት አሳየ፤ ወረቀት ረከሰ፣ ጋዜጣ የሁሉም ሆነ። ዋጋው ሌላ ቦታ ተከፈለ። የተፈጨ እንጨት ሊግኒን አለበት፤ ብርሃን ሲያገኘው ይቢጫል። በጄላቲን ፈንታ የገባው አሉምና የዛፍ ሙጫ ደግሞ በወረቀቱ ውስጥ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ቃጫውን ይቆራርጠዋል። ስለዚህ በ15ኛው መቶ ዘመን የታተመ የጨርቅ ወረቀት ዛሬም ሲታጠፍ አይሰበርም፤ የአያቶቻችን ዘመን ጋዜጣ ግን በእጅ ሲነካ ይረግፋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን፤ ተረቱ ግን የትኛው ወረቀት እንደሆነ አልነገረንም። ባለፈው መቶ ዘመን መጨረሻ አሲድ አልባ ወረቀት በሰፊው መሠራት ጀምሯል፤ መሃል ላይ ያሉት መቶ ሃምሳ ዓመታት ጽሑፎች ግን በየመዝገብ ቤቱ እየተበሉ ነው፤ የእኛ የ20ኛው መቶ ዘመን ፋይሎችም ከእነሱ ውስጥ ናቸው።

ይህን ስል ብዙዎቻችሁ ቤታችሁ ያለውን የይዞታ ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የአባታችሁን ደብዳቤ እንዳሰባችሁ ይገባኛል። የተቻለኝን ልንገራችሁ። ዋናውን ሰነድ ላሚኔት አታስደርጉ፤ ሙቀቱና ፕላስቲኩ ወረቀቱን ይጎዱታል፣ በኋላም አይላቀቅም። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቡናማ ሆኖ ጽሑፉን ይበላዋል። ስቴፕልና ክሊፕ ይዝጋሉ፣ አውጧቸው። ከኩሽና ግድግዳና ከወለል አርቃችሁ፣ ከፀሐይ ሰውራችሁ፣ ሳታጥፉ፣ ቢቻል አሲድ አልባ በሆነ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ። ስትነኩት እጃችሁን ታጠቡና አድርቁ፤ ጓንት አያስፈልግም። ከባንክ ማሽንና ከሱቅ የምትቀበሉት የሚያብረቀርቅ ደረሰኝ በቀለም ሳይሆን በሙቀት የተጻፈ ነው፤ በወራት ውስጥ ባዶ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ለክስ ወይም ለዋስትና የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ኮፒ አስደርጉት። ካርታውን ቀድማችሁ ላሚኔት ያስደረጋችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ በካውያ አሙቃችሁ ለመንቀል አትሞክሩ፤ እንዳለ ተዉትና ሕጋዊ ቅጂ አውጡለት። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።